በ800 ዶላር የተሠራው የውኃ ውስጥ መሣሪያ
ከመደብር ዕቃ የተነሣ የተማሪዎች ሥራና ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

ነጋዴ በመደብሩ መደርደሪያ ላይ የሚያሳርፈው ዕቃ ሁሉ የታወቀ አገልግሎት አለው። የፕላስቲክ ቧንቧ ለውኃ መስመር፣ ስታኞ ለሽቦ መጋጠሚያ፣ ባትሪ ለሞተር ማስነሻ፣ ፊኛ ለልጆች መጫወቻ ይሸጣል። ይሁን እንጂ ገዥው ዕቃውን ይዞ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሠራበት ሻጩ ሁልጊዜ አያውቅም። በአሜሪካ አገር፣ በአሪዞና ክፍለ ግዛት፣ በፊኒክስ ከተማ የሚኖሩ አራት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እነዚህን የመሰሉ ዕቃዎች ሰብስበው፣ በ800 ዶላር ግድም ወጪ አንድ የውኃ ውስጥ መሣሪያ ሠሩ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 በጁን ወርም ከታላላቅ ኮሌጆች ጋር ተወዳድረው አንደኛ ወጡ። ከተሸነፉት መካከል በቴክኖሎጂ ትምህርት በዓለም ስሙ የገነነው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት (ኤም.አይ.ቲ.) ይገኝበት ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የተማሪዎች ጨዋታ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ጉዳዩን በዝርዝር የተመለከተ ሰው፣ ለድሉ ምክንያት የሆነው የዕቃው ርካሽነት ብቻ ሳይሆን፣ ተማሪዎቹ የእያንዳንዱን ዕቃ ጠባይ ጠንቅቀው ማወቃቸው መሆኑን ይረዳል። ለዚህም ዕውቀት ከመምህራኑ ቀጥሎ ድርሻ የነበራቸው፣ ዕቃውን የሚሸጡና ስለ ዕቃው ተጠይቀው የሚመልሱ ሰዎች ነበሩ። ጉዳዩ የንግድ ሰዎችን የሚመለከተውም በዚህ ምክንያት ነው።

መሣሪያው ለምን ያገለግላል?

ከሩቅ የሚታዘዝ የውኃ ውስጥ መሣሪያ ማለት፣ ሰው ሳይሳፈርበት ወደ ባሕር ወይም ወደ ሐይቅ ጥልቅ የሚወርድ፣ ከላይ በመርከብ ወይም በዳርቻ ከተቀመጠው ነጂ ጋር በኬብል የተያያዘ ማሽን ነው። ነጂው በመሣሪያው ላይ የተተከለው ካሜራ የሚልክለትን ሥዕል በቴሌቪዥን መስኮት እየተመለከተ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያዘዋል። መሣሪያው ጠላቂ ሰው ሊደርስበት ከማይችለው ጥልቀት ይደርሳል፤ አደጋ ቢያገኘውም የሚጠፋው ብረት እንጂ ነፍስ አይደለም።

የዚህ መሣሪያ ጥቅም ለዓለም ጎልቶ የታየው በ1966 ነው። በዚያ ዓመት በጃንዋሪ ወር በስጳኝ አገር በፓሎማሬስ አቅራቢያ ሁለት የአሜሪካ የጦር አይሮፕላኖች በአየር ላይ ተጋጭተው፣ ከተጫኑት የሃይድሮጂን ቦምቦች አንዱ በሜዲቴራኒያን ባሕር ውስጥ ወደቀ። ቦምቡ ከ800 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ላይ ተገኝቶ በአፕሪል ወር ሲወጣ፣ ለማውጣት የወረደው ‹ከርቭ› የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መሣሪያ ነበር። መሣሪያው ከቦምቡ ጃንጥላ ገመዶች ጋር ስለ ተጠላለፈ ሁለቱም አብረው ተጎትተው ወጡ። በ2010 ደግሞ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ 1,500 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ የፈነዳው የነዳጅ ጉድጓድ እስኪከደን ድረስ፣ ከታች ሆነው ሲሠሩ ዓለም በቴሌቪዥን የተመለከታቸው እጆች የእነዚሁ መሣሪያዎች የብረት እጆች ነበሩ።

ዛሬም በባሕር ወለል የተዘረጉት የስልክና የኢንተርኔት ኬብሎች ሲበላሹ፣ የመርከብ ሆድ ሲመረመር፣ የወደብና የግድብ ግንብ ሲታይ ይህ መሣሪያ ይጠራል። ለጥልቅ ባሕር ሥራ የሚሆነው ትልቁ ዓይነት ከነማውረጃውና ከነመቈጣጠሪያው ዋጋው በሚሊዮን ዶላር የሚቈጠር ነው። እንግዲህ ተማሪዎች በ800 ዶላር ሠሩ የተባለው፣ የዚህ ውድ መሣሪያ ታናሽ ወንድም ነው።

ውድድሩና አራቱ ተማሪዎች

ይህን ሙያ የሚያውቁ ወጣቶች እንዲበዙ በማሰብ፣ በካሊፎርኒያ በሞንተሬይ ፔኒንሱላ ኮሌጅ የተቋቋመውና በአጭር ስሙ ‹ሜት› የሚባለው የባሕር ቴክኖሎጂ ትምህርት ማእከል ከ2002 ጀምሮ የተማሪዎችን ውድድር ሲያዘጋጅ ቈይቷል። የ2004ቱ ውድድር የተደረገው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ባርባራ ነው። ተወዳዳሪዎቹ የሠሩት መሣሪያ በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ወርዶ፣ የሰጠመ ሰርጓጅ መርከብን በሚመስል ቅርጽ ዙሪያ የታዘዘውን እንዲፈጽም ይጠበቅበት ነበር። የቅርጹን ርዝመት መለካት፣ የውኃውን ሙቀት መውሰድ፣ የወደቁ ዕቃዎችን ማንሣት፣ ከታች ከተቀመጠ በርሜልም በጠባብ ቀዳዳ ፈሳሽ ቀድቶ ማምጣት ከሥራዎቹ ዋና ዋናዎቹ ነበሩ።

ፊኒክስ የምድረ በዳ ከተማ ናት፤ ባሕር በአቅራቢያዋ የለም። በከተማይቱ ምዕራብ የሚገኘው የካርል ሄይደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ከድሀ ቤተ ሰብ የመጡ ናቸው። በመምህራኑ በአለን ካሜሮንና በፍሬዲ ላጅቫርዲ መሪነት የተሰበሰቡት አራት ልጆች ኦስካር ቫስኬዝ፣ ክሪስቲያን አርሴጋ፣ ሎሬንዞ ሳንቲያንና ሉዊስ አራንዳ ይባላሉ። አራቱም በልጅነታቸው ከሜክሲኮ የመጡና የመኖሪያ ፈቃድ ያልነበራቸው ናቸው። መምህራኑ ልጆቹን ከእኩዮቻቸው ጋር ሳይሆን ከኮሌጅ ተማሪዎች ጋር በሚደረገው ከፍተኛ ክፍል ውስጥ አስመዘገቧቸው። ምክንያታቸውም፣ ከእኩያ መሸነፍ ያሳፍር እንደ ሆነ እንጂ ከኤም.አይ.ቲ. ቢሸነፉ ማንም አይፈርድባቸውም የሚል ነበር።

የገንዘቡ ልዩነት በግልጽ የሚታይ ነው። የኤም.አይ.ቲ. ተማሪዎች ከታላላቅ ኩባንያዎች ያገኙት ዕርዳታ ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። የፊኒክስ ልጆች ደግሞ በከተማቸው ካሉ የንግድ ቤቶች እየዞሩ ያሰባሰቡት ወደ 800 ዶላር ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ እያንዳንዱን ሳንቲም ከማውጣታቸው በፊት ብዙ ማሰብ ግድ ሆነባቸው።

የስልኩ ጥያቄ

ልጆቹ የውኃን ሙቀት ትክክል የሚለካ መሣሪያ ሲያስፈልጋቸው፣ በኮኔቲከት ክፍለ ግዛት ወደሚገኝ የመለኪያ ዕቃዎች ሻጭ ኩባንያ ስልክ ደወሉ። ስልኩን ያነሣው የኩባንያው ባለሙያ በየቀኑ ከመሐንዲሶችና ለጦር ሠራዊት ዕቃ ከሚያቀርቡ ተቋራጮች ጋር መነጋገር የለመደ ሰው ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያገኘው ትርፍ እንደሌለ ያውቃል። ቢሆንም ጥያቄያቸውን ሳይንቅ ሰምቶ፣ ለሥራቸው የሚስማማው ‹ቴርሞካፕል› የተባለው ዓይነት መሆኑንና እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር አስረዳቸው።

የርዝመቱን መለኪያ በተመለከተም ልጆቹ ለግንበኞችና ለመሐንዲሶች የሚሸጠውን በብርሃን ጨረር ርቀት የሚለካ ሜትር መረጡ። ይህ ሜትር የተሠራው በአየር ውስጥ ለመለካት ነው። ብርሃን ደግሞ በውኃ ውስጥ ሲያልፍ ከአየር ይልቅ አንድ ጊዜ ተኩል ባይሆንም አንድ ጊዜ ከሲሶ ያህል ይዘገያል፤ ስለዚህም ሜትሩ በውኃ ውስጥ ያለውን ርቀት አብዝቶ ያሳያል። ጨርቅ በያርድ ገዝቶ በሜትር የሚሸጥ ነጋዴ ሒሳቡን እንደሚመነዝር ሁሉ፣ ልጆቹም ሜትሩ ያነበበውን ቍጥር ወደ ውኃው ልክ እየመነዘሩ ተጠቀሙበት። ይህን ያላወቀ ሰው የቱንም ያህል ውድ ሜትር ቢገዛ የሚያገኘው የተሳሳተ ልክ ነው።

አካሉን የሠሩት ከፕላስቲክ ቧንቧ ነው። ቧንቧው በመጋዝ ይቈረጣል፤ በጎሚቶና በቲ ይገጣጠማል፤ ጫፉ ሲደፈን ውስጡ የሚቀረው አየር መሣሪያውን ያንሳፍፋል። ለማጣበቅ የተጠቀሙበት ኮላ ሽታው እጅግ የከፋ ስለ ነበረ መሣሪያውን ‹ስቲንኪ›፣ ይኸውም ‹ግማታሙ› ብለው ሰየሙት። ፈሳሽ ለመቅዳትም የመዳብ ቧንቧ አጥፈው ከትንሽ ፓምፕና ከፊኛ ጋር አያያዙ፤ ፓምፑ ሲስብ ፊኛው ፈሳሹን ይቀበላል።

አንድ ድፍረት የተሞላበት ውሳኔም አደረጉ። ኃይል ከላይ በወፍራም ኬብል እንዲወርድ ማድረግ ሲቻል፣ እነርሱ ባትሪውን በመሣሪያው ላይ ጫኑት። በዚህም ኬብሉ ቀጭንና ቀላል ስለሚሆን መሣሪያው በገንዳው ውስጥ እንደ ልቡ ይዞራል። ነገር ግን ባትሪውና የኤሌክትሪክ ዕቃው የተቀመጠበት ሣጥን ውኃ ቢያስገባ የወራት ድካም በአንድ ደቂቃ ይጠፋል።

የመጨረሻዋ ሌሊት

የተፈራው አልቀረም። ሳንታ ባርባራ ደርሰው መሣሪያውን በገንዳው ሲሞክሩ ሣጥኑ ውኃ እንደሚያስገባ ተገለጠ።

ይህ ለምን እንደሚደርስ ለማወቅ ጥቂት ሒሳብ ይበቃል። ውኃ በየአሥር ሜትሩ ጥልቀት በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ የአንድ ኪሎ ያህል ክብደት ይጨምራል። ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሣጥን ክዳን 4 ሜትር ቢወርድ 480 ኪሎ፣ ማለት አምስት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጭነት ያርፍበታል። በዚህ ጭነት ሥር አንዲት የፀጉር ያህል ስንጥቅ ብትኖር ውኃ መንገዱን ያገኛል።

አዲስ ሣጥን ለመግዛትም፣ ሽቦውን ሁሉ ፈትቶ እንደገና ለመሥራትም ጊዜ አልነበረም። ልጆቹ ውኃው እንዳይገባ ማድረግ ካልቻሉ፣ የገባውን የሚመጥ ነገር ማኖር እንደሚሻል መከሩ። የሚመጥጥ ነገር ሲፈለግም ሴቶች በወራቸው የሚጠቀሙበት የታመቀ ጥጥ ታሰበ። ወጣቱ ሎሬንዞ ወደ መደብር ሄዶ፣ በኀፍረት እየተንተባተበ ከገበያተኞቹ አንዲትን ሴት የትኛው ዓይነት ይበልጥ እንደሚመጥ ጠይቆ ገዛ። ሌሊቱንም ልልና ደካማ ሆነው የተገኙትን የሽቦ መጋጠሚያዎች በስታኞ ሲበይዱ አመሹ። በማግሥቱ መሣሪያው ሲወርድ የጥቂት ዶላር ጥጥ ሣጥኑን ጠበቀው፤ ከበርሜሉም ፈሳሹን ቀድቶ ወጣ።

ዳኞቹ ምን መዘኑ?

ውድድሩ የሚመዘነው በውኃ ውስጥ በተሠራው ሥራ ብቻ አልነበረም። ተማሪዎቹ ስለ መሣሪያቸው የጻፉት መግለጫና በዳኞች ፊት ቀርበው ስለ አሠራሩ የሚሰጡት መልስ የየራሳቸው ነጥብ ነበራቸው። ከዳኞቹ መካከል በባሕር ምርምርና በጠፈር ምርምር ሥራ የሠለጠኑ መሐንዲሶች ነበሩ። እነርሱም የብርሃኑ ሜትር በውኃ ውስጥ እንዴት ሊያገለግል እንደ ቻለ በጠየቁ ጊዜ፣ ልጆቹ ብርሃን በውኃ ውስጥ እንደሚዘገይ አስረድተው፣ ንባቡን በ30 በመቶ ያህል እንዳረሙት ተናገሩ። በመሣሪያው ላይ ያለ አንድም ዕቃ ለምን እንደ ተመረጠ ሊያስረዱት የማይችሉት አልነበረም።

ውጤቱ ሲነገር ለንድፍ ውበት የተመደበው ሽልማትና ለጽሑፍ መግለጫው የተመደበው ሽልማት ለካርል ሄይደን ተሰጠ። በመጨረሻም በጠቅላላው ነጥብ አንደኛ ካርል ሄይደን፣ ሁለተኛ ኤም.አይ.ቲ. መሆኑ ታወጀ። ቋንቋው እንግሊዝኛ በሆነ አገር፣ በቤታቸው ስጳንኛ የሚናገሩ ልጆች በጽሑፍ መሸለማቸው በተለይ የሚደነቅ ነው።

ርካሽነት ከምን ይመጣል?

የካርል ሄይደን ሥራ ብቻውን የቆመ አይደለም። በ1997 ሃሪ ቦምና ቪኪ ጀንሰን የተባሉ ጸሐፊዎች፣ ተራ ሰው ከተራ ዕቃ የውኃ ውስጥ መሣሪያ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ከዚህ መጽሐፍ በመነሣት ኤም.አይ.ቲ. ራሱ በ2003 በአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር መሥሪያ ቤት ድጋፍ ‹ሲ ፐርች› የተባለውን የትምህርት ቤቶች መርሐ ግብር ጀመረ።

የ‹ሲ ፐርች› ዕቃ ዝርዝር ለሕንፃ ዕቃ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ ከነጎሚቶው፣ በ12 ቮልት የሚሠሩ ሦስት ትናንሽ ሞተሮች፣ ፕሮፔለሮች፣ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ 15 ሜትር ያህል የኮምፒዩተር መረብ ኬብል፣ ባትሪ፣ ለመንሳፈፊያ የሚሆን ስፖንጅ ናቸው። እነዚህ ሞተሮች ለውኃ የተሠሩ አይደሉም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሞተር ፎቶግራፍ አንሺዎች ይጥሉት በነበረው የፊልም ማኖሪያ ቆርቆሮ መሰል የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይገባና፣ ዙሪያው የመጸዳጃ መቀመጫ ከወለል ጋር በሚታሸግበት ሰም ይሞላል። ሰሙ የሞተሩን ዘንግ ሳይዝ ውኃውን ይከለክላል። ዋጋው የጥቂት ሳንቲም የሆነ ሰም፣ ብዙ የሚከፈልበትን ውኃ የማያስገባ ሞተር ተክቶ ይሠራል።

ይሁን እንጂ ርካሽ ዕቃ ሁሉ ትርፍ አያመጣም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ሽቦ ነው። በመረብ ኬብል ውስጥ ያለው ቀጭን የመዳብ ክር በአንድ ሜትር 0.084 ኦም ያህል ይገታል። ኬብሉ 15 ሜትር ቢሆን ኤሌክትሪኩ ሄዶ የሚመለስበት መንገድ 30 ሜትር ነው፤ የሚገታውም በጠቅላላው 2.5 ኦም ይሆናል። ሞተሩ 2 አምፔር ቢስብ፣ ከባትሪው ከሚነሣው 12 ቮልት 5ቱ በመንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ለሞተሩ የሚደርሰው 7 ቮልት ብቻ ነው። ይህም አንድ ነጋዴ ከ12 ጆንያ እህል 5ቱ በመንገድ ፈስሶ 7ቱን ብቻ ቢረከብ እንደማለት ነው። ወፍራም ሽቦ ቢገዛ ብክነቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሽቦው ክብደትና ዋጋ ይጨምራል፣ መሣሪያውንም ይጎትታል። እንግዲህ ተማሪው የሽቦውን ዋጋ፣ ክብደትና ብክነት አመዛዝኖ መምረጥ አለበት። የካርል ሄይደን ልጆች ባትሪውን በመሣሪያው ላይ የጫኑበት ምክንያት በዚህ ሒሳብ ይብራራል።

ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር አጭር ነው። የዕቃው ዋጋ በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም፤ ዕቃው በሥራ ላይ ሲውል የሚያስከትለው ወጪም ይቈጠራል። ሻጩ የሽቦውን ውፍረትና የሚሸከመውን ኃይል በትክክል ካልተናገረ፣ ገዥው ምንም ቢጠነቀቅ ሒሳቡ ይፈርስበታል።

ተማሪዎች እንደ ኩባንያ

የሜት ውድድር ቈይቶ አንድ የንግድ ሥርዓት ጨምሯል። ዛሬ እያንዳንዱ የተማሪዎች ቡድን ራሱን እንደ አንድ ኩባንያ አድርጎ እንዲያቋቁም ይጠየቃል። ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ የገንዘብ ኃላፊ፣ የንድፍ መሐንዲስና የደኅንነት ኃላፊ ይሾማሉ። በዳኞች ፊት ሲቀርቡም መሣሪያውን ለደንበኛ እንደሚያቀርቡ ሆነው ያስረዳሉ። የጽሑፍ መግለጫቸው ውስጥ የበጀታቸውና የወጪያቸው ዝርዝር ይገባል፤ የተገዛው፣ በዕርዳታ የተገኘውና ካለፈው ዓመት የተረፈው ዕቃ ተለይቶ ይጻፋል። በነፃ የተሰጠ ዕቃ እንኳ የገበያ ዋጋው ተገምቶ ይመዘገባል።

ይህ የመጨረሻው ደንብ የሒሳብ መዝገብ ለሚይዝ ሰው ሁሉ የሚጠቅም ነው። በነፃ የተገኘን ዕቃ ዋጋ እንደሌለው አድርጎ የሚተው ነጋዴ፣ ስጦታው የቀረ ዕለት እውነተኛ ወጪውን አያውቀውም። ተማሪዎቹ ግን መሣሪያው ዳግመኛ ቢሠራ ስንት እንደሚፈጅ ከመጀመሪያው እንዲያውቁት ይደረጋሉ።

ደኅንነትም ከዋጋ አይለይም። ውኃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ናቸውና፣ መሣሪያው ወደ ገንዳ ከመውረዱ በፊት በተቈጣጣሪዎች ይመረመራል። ከኃይሉ መነሻ 30 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ፊውዝ መኖሩ፣ ፕሮፔለሩ በመከለያ መሸፈኑ፣ ኬብሉ ቢጎተት ሽቦው እንዳይበጠስ በሚገባ መታሰሩ ይታያል። ይህን ፈተና ያላለፈ መሣሪያ የቱንም ያህል ብልሃት ቢኖርበት አይወርድም። በዚህ ውድድር ዛሬ ከአሜሪካ ሌላ ከግብጽ፣ ከሆንግ ኮንግና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ተማሪዎች ይካፈላሉ።

ከድሉ በኋላ

በጠባብ ገንዘብ የተገኘ ድል የሚያስደስት ቢሆንም፣ የአራቱ ልጆች ታሪክ በዚህ አልተፈጸመም። ኤም.አይ.ቲ.ን ያሸነፈ ተማሪ የኮሌጅ በር ወለል ብሎ ይከፈትለታል ተብሎ ይገመት ይሆናል። ለእነርሱ ግን የመኖሪያ ፈቃድ ስላልነበራቸው በሩ ጠባብ ሆነ። በ2005 ‹ዋየርድ› የተባለው መጽሔት ታሪካቸውን ባወጣ ጊዜ አንባቢዎች ለትምህርታቸው ገንዘብ አዋጡ። በ2006 ግን የአሪዞና ሕዝብ በድምፅ ባጸደቀው ሕግ፣ ፈቃድ የሌለው ተማሪ ከሌላ ክፍለ ግዛት እንደመጣ ተቈጥሮ እጅግ የበዛ የትምህርት ክፍያ እንዲከፍል ታዘዘ። ስለ ብርሃኑ ሜትር ዳኞችን ያስደነቀው ክሪስቲያን አርሴጋ ወጪውን መሸከም ስላልቻለ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን አቋረጠ። ሎሬንዞና ሉዊስ ወደ ምግብ ሥራ ሙያ አዘነበሉ።

ኦስካር ቫስኬዝ በ2009 ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምሕንድስና ተመረቀ። ከዚያም ነገሩን በሕግ መንገድ ለመፈጸም ብሎ በገዛ ፈቃዱ ወደ ሜክሲኮ ተመልሶ የመግቢያ ፈቃድ ለመነ። በመጀመሪያ የተሰጠው መልስ ለአሥር ዓመት እንዳይገባ የሚከለክል ነበር። በሽማግሌና በባለ ሥልጣን ምልጃ ጉዳዩ እንደገና ታይቶ በ2010 ተፈቀደለት። በ2011 በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ተመዝግቦ በአፍጋኒስታን አገለገለ። ታሪካቸው በ2014 በመጽሐፍ ታትሟል፤ በ2015ም በፊልም ተሠርቷል።

የነጋዴው ድርሻ

ይህን ታሪክ ያነበበ ነጋዴ፣ የልጆቹን የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ሊያቃና የሚችልበት ሥልጣን እንዳልነበረው ያውቃል። በእጁ ያለውን ግን ሊያደርግ ይችላል። የኮኔቲከቱ የመለኪያ ዕቃ ሻጭ ያደረገው ይህንኑ ነው። ለልጆቹ ያዋለው ውለታ ለጥያቄያቸው ቁም ነገር ሰጥቶ የሚሸጠውን ዕቃ በትክክል ማስረዳቱ ነበር። ያ ስልክ የፈጀው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የተገኘው ፍሬ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ሲነገርለት ኖሯል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ዕቃን ከመደርደር ዕቃን ማወቅ ይቀድማል። በመደብር ውስጥ የተማሪ ልብስ የለበሰ ልጅ ቀርቦ፣ አንድ ሜትር ቧንቧ ብቻ ቢለምን፣ ወይም የሽቦውን ውፍረት ደጋግሞ ቢጠይቅ፣ ሻጩ ጊዜውን እንዳባከነበት ሊመስለው ይችላል። ቧንቧውን ቈርጦ የሚሸጥለት፣ የሽቦውን ልክ ሳይደብቅ የሚነግረው፣ የማያውቀውንም ‹አላውቅም፣ እገሌን ጠይቅ› ብሎ የሚመራው ሻጭ ግን ሁለት ነገር ያተርፋል። አንደኛው ነገ መሐንዲስ ሆኖ በጅምላ የሚገዛ ደንበኛ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የራሱን ዕቃ አዲስ ጥቅም ማወቁ ነው። ፊኛ ፈሳሽ መቅጃ፣ የመጸዳጃ ቤት ሰም የሞተር ጠባቂ ሊሆን እንደሚችል ለሻጮች ያሳዩት ገዥዎቹ ናቸው።

‹ግማታሙ› የተባለው መሣሪያ በዋጋው ቢመዘን ከገንዳው ዳር ከቆሙት መሣሪያዎች ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ከአራቱ ልጆች አንዱ እንኳ የማያውቀው ብሎን ግን በላዩ አልነበረም።